በሙቀት ቀን «ደህና ነኝ» ብቻ አይበቃም

በእስራኤል አገር በጋ ሲገባ የአየር ትንበያው አንድ ቃል ይደጋግማል፤ «ኦሜስ ሖም»። በሰውነት ላይ የሚጫን የሙቀት ሸክም ማለት ነው። አባባሉ ትክክል ነው። ሙቀት ሸክም ነው፤ ሸክም ደግሞ ለወጣትና ለሽማግሌ፣ ለጤነኛና ለታማሚ እኩል አይከብድም።

ጎርፍ ሲመጣ ድምፁ ይሰማል። እሳት ሲነሣ ጭሱ ይታያል። ሚሳይል ሲተኮስ አዝአካው ይጮኻል፤ ሰውም ወደ ማማድ ይሮጣል። ሙቀት ግን አይጮኽም። ሰውን የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ በገዛ ቤቱ፣ በወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። የሚጎዳውም ሥጋን ብቻ አይደለም፤ እንቅልፍን፣ ሐሳብንና መንፈስንም ይነካል። ስለዚህ ከሙቀቱ በፊት ማወቅና መዘጋጀት ያስፈልጋል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

በሌላ አገር የደረሰው ምን ያስተምራል?

ሙቀት ምን ያህል ሰው ሊገድል እንደሚችል አውሮፓ በደንብ የተረዳችው በ2003 ነው። በዚያ ዓመት በኦገስት ወር ፈረንሳይን ከባድ ሙቀት መታት። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 15,000 ያህል ሰው ሞተ። አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ነበሩ። ወሩ የዕረፍት ወር ስለሆነ ልጆች ከከተማ ወጥተው ነበር፤ ጎረቤትም ሄዷል፤ ሽማግሌዎቹ ብቻቸውን ቀሩ። በፓሪስ ከ50 በላይ ሟቾች አስከሬናቸውን የሚወስድ ዘመድ ጠፍቶ መንግሥት ቀበራቸው። በቀብሩ ላይ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ ተገኝተዋል። ቀብርና ልቅሶን ከምንም በላይ ለሚያከብር ሕዝብ ይህ ከባድ ወሬ ነው።

ከዚያ በፊት በ1995 በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ በጥቂት ቀናት ሙቀት ከ700 በላይ ሰው ሞቷል። ኤሪክ ክላይነንበርግ የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሰፈሮችን አወዳደረ። ሁለቱም ድሆች ናቸው፤ ሙቀቱም አንድ ነው። ነገር ግን በአንዱ ሰፈር የሞተው ሰው ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ከሌላው 10 እጥፍ ያህል ነበር። ብዙ ሰው ያልሞተበት ሰፈር ሱቅ የበዛበት፣ ሰው ወጥቶ የሚገባበት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያውቅበት ነበር። በሌላው ሰፈር ግን ሽማግሌዎቹ ፈርተው በራቸውን ዘግተው ተቀምጠው ነበር።

በ2021 ደግሞ በካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በሚባለው ክፍለ አገር፣ በአንድ ሳምንት ሙቀት 619 ሰው ሞተ። መንግሥት ሲመረምር ከ100 ሟቾች 98ቱ የተጎዱት ቤት ውስጥ ሆነው እንደነበር ታወቀ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ብቻቸውን የሚኖሩ ነበሩ። ከሦስት ሟቾች ሁለቱ ዕድሜያቸው 70 ወይም ከዚያ በላይ ነበር። የሚያስገርመው ሌላ ነገርም ተገኘ። ለሞት ይበልጥ ተጋልጠው የተገኙት የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሳይሆኑ፣ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ነበሩ።

ሦስቱም አገሮች የሚናገሩት አንድ ነገር ነው። የሙቀቱ ዲግሪ ብቻውን ሰው አይገድልም። የሚገድለው ሙቀት ከብቸኝነት ጋር ሲገናኝ፣ ያልታወቀ ሕመም ሲጨመርበት፣ በሩን የሚያንኳኳ ሰው ሲጠፋ ነው።

ከደጋ የመጣ ሰውና የእስራኤል በጋ

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ወገራና ስሜን ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በተወጣ ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ብዙዎቹ የማኅበረሰቡ አዛውንቶች ተወልደው ያደጉት ሌሊት በጋቢ በሚተኛበት አገር ነው። ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው በሌሊት ይነሣ፣ በቀትር ዛፍ ጥላ ሥር ያርፍ ነበር። ቤቱም ይረዳ ነበር፤ ወፍራም የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን ያለው ጎጆ በቀን የፀሐዩን ግለት ይከለክላል።

የእስራኤል ሺኩን ግን ሌላ ነው። የሲሚንቶ ጣሪያና ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ሙቀት ይጠጣል፤ ማታ ደግሞ የጠጣውን ወደ ቤት ይተፋል። በመጨረሻው ፎቅ፣ ከጣሪያው ሥር የሚኖር ሰው ይበልጥ ይጎዳል። ከቤት ውጭ ቀዝቅዞ እንኳ ውስጡ እንደ ምጣድ ግሎ ሊያድር ይችላል።

በዚህ አገር ሁለት ዓይነት ሙቀት አለ። አንደኛው ሻራቭ የሚባለው ነው፤ በጸደይና በመከር ከበረሃ የሚነሣ ደረቅና አቧራማ ነፋስ ነው። ሁለተኛው በጁላይና በኦገስት በባሕሩ ዳርቻ፣ በአሽዶድ፣ በአሽቀሎን፣ በነታንያና በሐዴራ የሚሰማው እርጥበት ያለው ሙቀት ነው። ሁለቱም ይጎዳሉ። ሜዲትራኒያንን የሚያዋስነው ይህ አካባቢ ከዓለም አማካይ በበለጠ ፍጥነት እየሞቀ ነው። በሴፕቴምበር 2020 በከፍታ ላይ ባለችው በኢየሩሳሌም እንኳ 42.7 ዲግሪ፣ በኤይላት 48.9 ዲግሪ ተመዝግቧል። የሙቀቱ ቀናት እየበዙ፣ የሌሊቱም ቅዝቃዜ እየቀነሰ ነው።

ሰውነት ራሱን እንዴት ያቀዘቅዛል?

እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ እናቶች ያውቃሉ። እንስራው ያልበዋል፤ ላቡም ሲደርቅ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። የሰው ሰውነትም እንዲሁ ነው። ሲሞቀው ልብ ደምን ወደ ቆዳ ይገፋል፤ ቆዳ ላብ ያወጣል፤ ላቡ ሲደርቅ ሰውነት ይቀዘቅዛል። አየሩ እርጥብ ሲሆን ግን ላብ አይደርቅም፤ ልክ በእርጥብ ቀን የተሰጣ ልብስ እንደማይደርቀው። በባሕር ዳር ከተሞች 33 ዲግሪ እንደ 40 ዲግሪ ሆኖ የሚሰማው ለዚህ ነው።

ዕድሜ ሲገፋ ሦስት ነገሮች ይለወጣሉ። ላብ ይቀንሳል። ልብ ደም ለመግፋት ይደክማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የውሃ ጥም ስሜት ይዳከማል፤ ሰውነት ውሃ ጎድሎት ሳለ ጥሙ አይሰማም። ስለዚህ በዕድሜ የገፋ ሰው እስኪጠማው መጠበቅ የለበትም፤ በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ መጠጣት አለበት። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ውሃ ሊበዛበትም ስለሚችል፣ በሙቀት ቀን ስንት ብርጭቆ መጠጣት እንደሚገባው ሐኪሙን አስቀድሞ ይጠይቅ።

«ሱዳንን ችለን የለም ወይ?»

ብዙ አዛውንቶች ስለ ሙቀት ሲነገራቸው «የሱዳንን በረሃ የቻልን ሰዎች ይህችን እንዴት አንችልም?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ያ ትውልድ የቻለውን ችሏል። ግን ሁለት ነገር ማስታወስ ይገባል። በ1984 በእግሩ የተጓዘው ሰው የ25 ወይም የ30 ዓመት ሰው ነበር፤ ዛሬ 65 ወይም 70 አልፎታል፤ የስኳርና የግፊት መድኃኒትም ይወስዳል። ሁለተኛው ደግሞ፣ በዚያ ጉዞ ሁሉም አልቻለም። በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የሱዳን ካምፖች 4,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይነገራል፤ በበሽታ፣ በረሃብ፣ በጥምና በሙቀት። ቻይነት ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ላብን አያመጣም፤ የልብን ድካምም አያስቀርም።

መድኃኒትና ሙቀት

አንዳንድ መድኃኒቶች በሙቀት ቀን ጠባያቸው ይለወጣል። ሽንት የሚያበዛ የግፊት ክኒን ሰውነትን ውሃ ያሳጣል። አንዳንድ የልብና የግፊት ክኒኖች ከውሃ ማነስ ጋር ሲገናኙ ግፊትን ከመጠን በላይ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ሰው ሲነሣ ያዞረውና ይወድቃል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ላብን ይቀንሳሉ፤ ሙቀቱ ሰውነት ውስጥ ይታፈናል። ሊትየም የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ውሃ ካነሰው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ በዝቶ ሊመርዘው ይችላል። ኢንሱሊን ደግሞ በመኪና ውስጥ ወይም ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ከዋለ ኃይሉን ያጣል።

ይህን ሰምቶ መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቆም ግን ከሙቀቱ የባሰ አደጋ ነው። ትክክለኛው መንገድ በጋው ሳይገባ የመድኃኒቶቹን ሳጥኖች ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዞ ወደ ኩፓት ሖሊም መሄድ ነው። ሐኪሙን ወይም ነርሷን «በሙቀት ቀን በእነዚህ ምን ላድርግ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ሙቀት በአእምሮ ላይ የሚያደርገው

ሙቀት ሦስት በሮች ከፍቶ ወደ አእምሮ ይገባል።

የመጀመሪያው በር እንቅልፍ ነው። ሰውነት እንቅልፍ እንዲወስደው ትንሽ መቀዝቀዝ አለበት። ቤቱ ሌሊቱን ሙሉ ከጋለ እንቅልፍ ይቆራረጣል። ሁለት ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሰው ይቆጣል፣ ይረሳል፣ ይጨነቃል፣ ሆዱ ይባባል። በቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ይበዛል። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በሙቀት ቀናት በአእምሮ ሕመም ምክንያት ወደ ሆስፒታል የሚሄደው ሰው እንደሚጨምር አሳይተዋል።

ሁለተኛው በር ቀድሞ ያለ ሕመም ነው። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ውሃ መጠጣቱን ይረሳል፤ በሙቀት ቀን ካፖርት ለብሶ ሊገኝ ይችላል። ከባድ ድብርት ያለበት ሰው ተነሥቶ መስኮት ለመክፈት እንኳ አቅም ያጣል። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። አንድ አዛውንት በሙቀት ቀን በድንገት ግራ ከተጋቡ፣ የልጃቸውን ስም ካሳሳቱ፣ ያሉበትን ቦታ ካላወቁ፣ «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍ። የውሃ ማነስ ወይም የሙቀት ምት ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው በር ትዝታ ነው። ስለዚህ ብዙ አይወራም። በሱዳን መንገድ ልጅ፣ ወንድም ወይም እናት የቀበረ ሰው፣ ያ አቧራ፣ ያ ደረቅ ነፋስ፣ ያ የአፍ መድረቅ ሲመለስበት ሐዘኑም አብሮ ሊመለስ ይችላል። ሻራቭ በነፈሰ ቀን ልቡ ያለ ምክንያት ይመታል፤ ሌሊት በቅዠት ይባንናል፤ ሰው አላናግር ይላል። ይህ እብደት አይደለም፤ ድክመትም አይደለም። ሰውነት ያየውን ክፉ ቀን አይረሳም፤ ተመሳሳይ ሽታና ሙቀት ሲያገኝ ያ ቀን የተመለሰ ይመስለዋል። ይህን ማወቅ ብቻ እንኳ ለብዙ ሰው ዕረፍት ይሰጣል።

«ሆድ ይፍጀው» እና ሐኪሙ

ማኅበረሰቡ ጭንቀትን ውጦ መያዝን እንደ ጨዋነት ያያል። «ሆድ ይፍጀው» ይባላል። ግን ሌላም አባባል አለ፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም»።

ሌላው ችግር ቋንቋ ነው። አንድ አባት ሐኪም ዘንድ ገብተው «ልቤ ተቃጠለ» ሲሉ፣ በአማርኛ ሐዘናቸውን እየተናገሩ ሊሆን ይችላል። አስተርጓሚው ቃል በቃል ከተረጎመው ሐኪሙ የልብ ምርመራ ያዝዛል። በሙቀት ቀን ደግሞ ነገሩ ይባስ ይደባለቃል፤ «ውስጤ ነደደ» ማለት ትኩሳት ሊሆን ይችላል፣ የጨጓራ ሕመም ሊሆን ይችላል፣ ጭንቀትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ዘርዝሮ መናገር ይሻላል። መቼ ጀመረ? ሌሊት ይብሳል ወይስ ቀን? ከውሃ በኋላ ይሻላል? ትዝታ ይመጣል? እንቅልፍ አለ?

የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለሕዝቡ ባህልና ቋንቋ እንዲመች ማድረግ አለባቸው። አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም። የልጅ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ግን ለእንዲህ ያለው ነገር አይመከርም፤ አያት በልጅ ልጅ ፊት ሐዘናቸውንና ፍርሃታቸውን ሙሉ በሙሉ አይናገሩም። ከጁላይ 2015 ጀምሮ የአእምሮ ጤና ሕክምና የሚሰጠው በኩፓት ሖሊም በኩል ነው፤ መነሻው የቤተሰብ ሐኪሙ ነው።

ቤትን ማዘጋጀት

የዓለም ጤና ድርጅት በዕድሜ የገፋ ሰው የሚኖርበት ክፍል በቀን ከ32 ዲግሪ፣ በሌሊት ከ24 ዲግሪ ባይበልጥ ይመክራል። ይህን ለማድረግ ቤቱን በሙሉ ማቀዝቀዝ አያስፈልግም፤ አንድ ክፍል ይበቃል። ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ መስኮቱንና ትሪሱን መዝጋት፣ ማታ ውጭው ሲቀዘቅዝ ከፍቶ ነፋስ ማሳለፍ ይረዳል። ቬንቲላቶር በመጠኑ ሙቀት ጥሩ ነው፤ አየሩ 40 ዲግሪ ካለፈ ግን የጋለ አየር ስለሚነፍስ ሰውነትን ይባስ ያሞቃል። እግርን በውሃ መንከር፣ እርጥብ ጨርቅ አንገት ላይ ማድረግና ሰፊ ነጭ የጥጥ ልብስ መልበስ ይጠቅማሉ። ነጠላ ለዚህ የተመቸ ነው።

ብዙ አዛውንቶች ማዝጋን እያለ የመብራቱን ሒሳብ ፈርተው አይከፍቱትም። የእርጅና አበልን ከገቢ ማሟያ ጋር ከቢቱአሕ ሌኡሚ የሚያገኝ ሰው በየወሩ ለመጀመሪያው 400 ኪሎዋት ሰዓት መብራት የ50 በመቶ ቅናሽ መብት አለው። ቅናሹ በሒሳቡ ወረቀት ላይ መኖሩን ልጆች ወይም ሶሻል ሠራተኛዋ ይመልከቱ። ማዝጋን የሌለው ሰው ደግሞ ከቀትር እስከ አመሻሽ ያለውን ሰዓት በማትናስ፣ በአዛውንቶች ክበብ ወይም በልጅ ቤት ቢያሳልፍ ይመረጣል። በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ቀዝቃዛ ቦታ መቆየት ሰውነትን ያሳርፋል።

ሰንበት፣ ጾምና ልቅሶ

ሦስት ጊዜያት የተለየ ዝግጅት ይፈልጋሉ።

ሰንበት አንደኛው ነው። ሰንበትን በሚጠብቅ ቤት ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ ስልክ አይነሣም። ለብቻው የሚኖር ሰው በዚያ ጊዜ ቢወድቅ ማን ያውቃል? ማዝጋኑን ሰንበት ሳይገባ ከፍቶ መተው ወይም በሻዖን ሻባት ማስተካከል ይቻላል። ከሁሉ በላይ ግን በእግሩ መጥቶ በር የሚያንኳኳ አንድ ጎረቤት አስቀድሞ መለመን ያስፈልጋል። ነፍስ አደጋ ላይ ከሆነች በሰንበትም ወደ 101 መደወል የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ጾም ነው። ቲሻ ቤአቭ የሚውለው በበጋው መካከል ነው፤ ዮም ኪፑርም አንዳንድ ዓመት በሻራቭ ቀን ይገጥማል። ስኳር፣ ልብ ወይም ኩላሊት የሚያመው ሰው ከጾሙ በፊት ሐኪሙንም ቄሱን ወይም ራቢውንም ይጠይቅ። ፒኩአሕ ኔፌሽ፣ ማለት ነፍስን ማዳን፣ ከጾም ይቀድማል።

ሦስተኛው ልቅሶ ነው። ቀብር በቀትር ይሆናል፤ አውቶቡሱ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ድንኳኑ ይታፈናል፤ ሐዘንተኛውም ውሃ መጠጣቱን ይረሳል። ድንኳን የሚተክሉ ወጣቶች ለአዛውንቶች ጥላ ያለበትን ቦታ ቢለዩ፣ ሳይጠየቁም ውሃ እያዞሩ ቢሰጡ፣ ይህም ሐዘንተኛን ማጽናናት ነው።

ልጆች ሲደውሉ ምን ይጠይቁ?

ልጅ ወደ እናቷ ትደውላለች። «እማዬ፣ እንዴት ዋልሽ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ አንቺስ? ልጆቹስ?» ሰላምታው ያማረ ነው። ግን ስለ ሙቀቱ ምንም አልተነገረም። ይህ ሕዝብ ታሞ አልጋ ላይ ሆኖም «ደህና ነኝ» ይላል፤ ልጆችን ላለማስጨነቅ ነው። በሙቀት ቀን ግን ከሰላምታው በኋላ ሌላ ጥያቄ መከተል አለበት።

«ከጠዋት ጀምሮ ስንት ብርጭቆ ውሃ ጠጣሽ?» «ማዝጋኑ አሁን እየሠራ ነው?» «ሌሊት ስንት ሰዓት ተኛሽ?» «ዛሬ ማን መጣ?» ስለ ሽንት መጠየቅ ለወንድ ልጅ ያሳፍር ይሆናል፤ ሴት ልጅ ወይም ነርሷ ትጠይቅ። ሽንት ከጠቆረና ከቀነሰ ውሃ አንሷል ማለት ነው። እናት ስትመልስ ቃሏ ከተጎተተ፣ ያልተጠየቀችውን ከመለሰች ወይም አንዱን ነገር ከደጋገመች፣ መልሶ መደወል አይበቃም፤ ሰው ይሂድ።

አደጋው የደረሰ ዕለት

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ብዙ ላብ፣ ማቅለሽለሽና የጡንቻ መኮማተር የሙቀት ድካም ምልክቶች ናቸው። ሰውየውን ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ወስዶ፣ አስተኝቶ፣ እግሩን ከፍ አድርጎ፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ መስጠት ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተሻለው ሐኪም ያስፈልገዋል።

የሙቀት ምት ግን ከዚህ ይለያል። የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ሰውየው ግራ ይጋባል፣ ይለፈልፋል፣ ይንቀጠቀጣል ወይም ራሱን ይስታል። ወዲያው ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም፣ 101፣ መደወል ነው። አምቡላንስ እስኪመጣ ልብሱን ማላላት፣ ገላውን በውሃ ማርጠብና ማራገብ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ በአንገቱ፣ በብብቱና በብሽሽቱ ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥ፤ ይታነቃል።

ጭንቀቱ ለከበደበት፣ መኖር ላስጠላው ወይም የሚያናግረው ሰው ላጣ ደግሞ ኤራን የሚባለው የስልክ እርዳታ በ1201 ሌሊትም ቀንም ያዳምጣል። የደኅንነት ሚኒስቴር ሶሻል አገልግሎት ቁጥር 118 ነው። ቁጥሮቹን በትልቁ ጽፎ በፍሪጁ ላይ መለጠፍ ይጠቅማል።

መዘጋጀት ያድናል

ይህ ሁሉ ከንቱ ድካም አይደለም። በሕንድ፣ አህመዳባድ በምትባል ከተማ፣ በሜይ 2010 በደረሰ ሙቀት ከ1,300 በላይ ሰው ሞቶ ነበር። ከተማዋ በ2013 እቅድ አወጣች። ሙቀት ሲመጣ ሕዝቡ አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ውሃ በየመንገዱ ይታደላል፤ ሐኪሞች ይሠለጥናሉ፤ የድሆች ጣሪያ ነጭ ይቀባል። ተመራማሪዎች እቅዱ ከወጣ በኋላ በየዓመቱ ከ1,000 በላይ ሰው ከሞት እንደዳነ ገምተዋል። በውድ መሣሪያ አይደለም፤ በማስጠንቀቂያ፣ በውሃና በመጠያየቅ ነው።

ለመጠያየቅ ደግሞ ይህ ማኅበረሰብ የቆየ መንገድ አለው፤ ቡና ነው። ጎረቤታሞች በየቀኑ ተጠራርተው ቡና በሚጠጡበት ቤት የቀረ ሰው ወዲያው ይታወቃል። «እማማ ዛሬ ለምን ቀሩ?» ተብሎ ልጅ ይላካል። በቺካጎ ሕይወት ያተረፈው ሰፈር የነበረው ነገር ይኸው ነው። በሙቀት ቀን ቡናው በማለዳ ወይም ከመሸ በኋላ ይሁን፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አይነደድ፣ ጭሱ ባይታይም ይመርዛልና በኤሌክትሪክ ይፈላ፤ ከስኒው ጎን አንድ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይቅረብ።

ብቻውን የሚኖር አዛውንት ያለበት ሕንፃ ሁሉ በጋው ሳይበረታ አንድ ነገር ቢወስን ይበቃል፤ በሙቀት ቀን፣ ጠዋትና ማታ፣ የማን በር በማን ይንኳኳል? ስሞቹ በወረቀት ይጻፉ። የሚያንኳኳውም ወጣት ብቻ አይሁን፤ ጠንካራ የሆነች እናት የደከመችዋን ጎረቤቷን ትጠይቅ። ጠያቂዋም በዚያው ትጠየቃለች።